ከ«ብሉ» ቀጥሎ ያለችው ነጥብ

ሰዎች ስለ እኔ ሲያወሩ «እሱ እኮ ዝንብ እንኳ እሽ የማይል ሰው ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ድምፄ ዝቅ ያለ ነው፤ ስሄድም ቀስ ብዬ ነው፤ ሰው ሲቀድመኝ አሳልፋለሁ። ነገር ግን በአንድ ሰው ላይ ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ድረስ ቂም ይዤ ከርሜያለሁ። ቂሙን ይዤ እተኛለሁ፣ ይዤው እነሳለሁ። ይሄን የምጽፈውም ለንስሐ አይደለም። እድሜዬ እየገፋ ስለሆነ ነገሩ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካበቀልኩ በኋላ ነው፤ አጻጻፌ ቢንሻፈፍ አትታዘቡኝ።

ሥራዬ የከባድ መኪና ሸራ መስፋት ነው። ከአገር ቤት የሚመጡትና ወደ አገር ቤት የሚመለሱት መኪኖች ተሰልፈው ተራ በሚጠብቁባት፣ ከወደቡ ከተማ ዳር ባለችው ፔካ 12 ላይ አንዲት የቆርቆሮ ጥላ አለችኝ። ነፋስ የቀደደውን፣ ገመድ የበላውን ሸራ ያመጡልኛል፤ እኔ አጥፋለሁ፣ እጠቅማለሁ፣ የገመድ ማስገቢያ ቀለበት እመታለሁ። ሸራን እዚህ አገር ሰው ሁሉ «ባሽ» ነው የሚለው፤ ፈረንሳይኛ ነው። «ባሼ ተቀደደ»፣ «ባሼን ቶሎ በልልኝ»፣ ከጠዋት እስከ ማታ የምሰማው ይህንኑ ነው። ይቺን ቃል ያዙልኝ፤ ነገሩ የመጣው በሷ ነው።

የምኖረው ሃያብለ የሚባለው ሰፈር ነው፣ ከልጄና ከልጄ ልጅ ጋር። ልጄ ነፃ የንግድ ቀጠናው ውስጥ መጋዘን ታጸዳለች፤ ሰርቪሱ ገና ሳይነጋ ስለሚወስዳት ትንሿን ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ ነኝ። ትንሿ እዚሁ ነው የተወለደችው፤ አባቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የዚህ አገር ሰው ነበር። ከእናቷ አማርኛ፣ ከሰፈሩ ሱማልኛ፣ ከትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ይዛ ሦስቱንም ባንድ ትንፋሽ ትቀላቅላቸዋለች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር ያን ጊዜ። ትልቁ ትምህርት ቤት ገባችና አንድ ወረቀት ይዛ መጣች።

«አባባ፣ የልብስ ሕግ ነው» አለችኝ።

«ለልብስም ሕግ አለው?»

«አለው። ቱኒክ መልበስ አለብን። ሰፊ ሆኖ ከጉልበት በታች የሚወርድ።»

«ቀለሙሳ?»

ጣቷን በመስመሩ ላይ አስኬደችና «ብሉ» አለች።

«ብሉ በኛ ምንድን ነው?»

«ሰማያዊ።»

ሰማያዊ። እንግዲህ ሰማያዊ ማለት የሰማይ ማለት ነው፤ ቃሉ ራሱ ይናገራል። ሌላ ምን ጥያቄ አለው? በማግስቱ ከጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ሦስት ቁራጭ ናሙና ለምኜ መጣሁ። ሃያብለ ላይ ቀን ቀን ሰማዩ አቧራ ለብሶ ነጭ ነው የሚመስለው፤ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ግን እውነተኛ ቀለሙን ያሳያል። ትንሿን ይዤ ከቤታችን ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ወጣሁና ቁራጮቹን አንድ በአንድ ወደ ላይ ያዝናቸው። ሁለተኛው ሰማዩ ላይ ሲደረግ ጠፋ። እጄ ባዶ መሰለ። «ይሄ ነው!» አለች እያጨበጨበች።

የሰፋሁት እኔ ነኝ። በዚያችው በሸራ መስፊያዬ መኪና፣ የተሳቢ ሸራ በምሰፋበት የናይሎን ክር። ከወደብ እስከ አዋሽ ነፋስ የማይፈታው ስፌት ነው። ታድጋለች ብዬ ከሥሩ አራት ጣት እጥፋት ተውኩ። ለብሳ ስትዞር ያየኋት ቀን እድሜ ልኬን የሰፋሁት ሁሉ ለዚህ መለማመጃ ነበር እንዴ አልኩ።

ትምህርት የተጀመረው እሁድ ጠዋት ነው፤ እዚህ አገር ሳምንቱ የሚጀምረው እሁድ ነው። በሩ ላይ የተማሪ ተቆጣጣሪው ቆሟል፤ ሱርቬያን ይሉታል። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ፣ ወገቡ ላይ የቁልፍ ዘለላ። ልጆቹ እየተደረደሩ በፊቱ ያልፋሉ። የኔዋ ስትደርስ እጁን ዘረጋ። ትከሻዋ ላይ ጨርቁን በሁለት ጣቱ ቆነጠረና አሸው፤ እንደ ገበያ ዕቃ። ከዚያ ስፌቱን በኃይል ሳበው። አልተበገረለትም። ደገመ፤ አሁንም እምቢ አለው። ፊቱን ወደ ሰልፉ አዞረና ጮክ ብሎ፦

«ዋ ማሐይ? ባሽ?» አለ። ይሄ ምንድን ነው፣ ሸራ ነው ወይ ማለቱ ነው።

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ «ባሽ!» አለ፤ ሌላው ተቀበለው፤ ከዚያ ሁሉም። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አያችሁ፣ ስድብ ከሌላ ቦታ ቢያመጣ ይሻለኝ ነበር። የኔኑ ቃል፣ የምበላበትን ቃል አንስቶ ነው ልጄን የመታበት።

ከዚያ ወደኔ መጥቶ «ማሪን! ማሪን!» እያለ ጣቱን አፍንጫዬ ሥር ነቀነቀው። ምን እንደሚል አልገባኝም። «አዎዌ» አለኝ፣ በሱማልኛ አያቴ ማለት ነው፤ ቃሉ መልካም ነበር፣ እሱ ግን በእጁ ጀርባ መንገዱን እያሳየኝ ነው የተናገረው። ትንሿንም ክንዷን ይዞ ወደኔ ገፋት። ታዲያ እኔ ምን አልኩ? «መርሲ» አልኩት። ልማድ ነው፤ እዚህ አገር ስኖር ከሁሉ አስቀድሜ የለመድኳት ቃል ናት። ልጄን አዋርዶ ሲያባርረኝ አመሰገንኩት! ከሁሉ ይልቅ ስታቃጥለኝ የከረመችው ይቺ መርሲ ናት።

ፔካ 12 ስደርስ ደንበኛዬ የሆነ የድሬዳዋ ልጅ፣ ሹፌር፣ የተሳቢውን ሸራ ሊወስድ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ፈረንሳይኛ ይሞክራል። ድሬዎች ለሽማግሌም አንቱታ አያውቁም፣ እኔም ለምጄዋለሁ።

«አቦ ፋዘር፣ ምን ሆነህ ነው ፊትህ እንዲህ የተኮማተረው?»

ነገርኩት።

«ማሪን ማለት የባሕር ነው። ጥቁር ሰማያዊ አምጣ ነው የሚልህ።»

«የቱ ባሕር?»

«እንዴት የቱ?»

«ወደቡ ላይ ያለው አረንጓዴ ነው። እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮ ይመስላል። የቱን ነው የሚለው?»

ሳቀ። «ፋዘር፣ ፈረንሳዮቹ ያዩት ባሕር ነዋ! ደግሞ ልጅ ምን ይልበስ ብሎ ሕግ ማውጣት ምን አመጣው? ልጅ ራቁቱን አይምጣ እንጂ፣ ሌላው የናትና ያባቱ ጉዳይ ነው።»

ከጎኑ ጎማ የሚያስሞላ አንድ ሸበቶ ሹፌር ነበር፤ ቱግ አለ። «አንተ ሀብታም ሰፈር ስላደግክ ነው! እኔ ስማር አንድ ሱሪ ነበረችኝ፣ ቂጧ ሁለት ዓይን ያላት። ዩኒፎርም ባይኖር ትምህርት ቤት አልረግጥም ነበር። ሕግ ያስፈልጋል!»

«ድሬ ሀብታም ሰፈር ሆነችና! ሕጉን ተወው፣ የሚያስከብረውን እየው። የሚዛን ጣቢያውን አታውቀውም? ሚዛኑ ደህና ነው፤ አጠገቡ የቆመው ሰውዬ ነው ጭነትህን የሚያከብደው።»

እኔ ዛሬም ብትጠይቁኝ ሕጉን አልጠላውም። ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት ከለበሱ የማን አያት ሸራ ሰፊ እንደሆነ፣ የማን እናት መጋዘን እንደምታጸዳ አይታወቅም። ሕጉ የወጣው የድሃን ልጅ ሊሸፍን ነው። ያ ሰውዬ ግን በዚያው ሕግ ልጄን ገለጣት። እኔ የተጣላሁት ከዚህ ጋር ነው።

እናቷ ከገበያ ጥቁር ሰማያዊውን ገዛች። ስስ፣ ባንድ ክር የተገጣጠመ ነገር፤ በሁለተኛው ወር ብብቱ ላይ ተተረተረ። ያ ሰውዬ ግን እሱን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ፣ አሳለፋት። የኔውን አጣጥፌ ሣጥን ውስጥ አኖርኩት።

ልብሱ ተለወጠ፣ ስሙ ግን ቀረ። «ባሽ» ሆነች። ኳስ ሲጫወቱ ባሽ፣ ስትጠራ ባሽ፣ ዝናብ የጣለ እለት ደግሞ «ባሽን አልብሱን!» ይሏታል አሉ። መጀመሪያ ስታወራልኝ ነበር፤ በኋላ ማውራቱን ተወች። እጅ ማውጣትም እንዳቆመች የሰማሁት ከጎረቤት ልጅ ነው፣ መልሱን እያወቀችው። መጋቢት ላይ አንድ ቀን ጠዋት ጫማዋን አላጠለቀችም።

«አልሄድም አባባ።»

«አሞሻል?»

«አላመመኝም። ካንተ ጋር ሸራ እሰፋለሁ። ስሜስ ባሽ አይደል?»

እንደዚህ ብላ ስትናገር አላለቀሰችም። ብታለቅስ ኖሮ ምናልባት ቂሜ ይቀልል ነበር።

እናቷ «ትንሽ ትረፍ» አለች፤ ትንሹ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ሁለት ሆነ። ከትምህርት ቤቱ መልእክት መጣ፦ ሚያዝያ ሳያልቅ ካልተመለሰች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። ትንሿ የኔ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ ቀለበት ትለቅማለች፤ ጣቶቿ ቶሎ ለመዱ። ሹፌሮቹ «ጎበዝ!» ይሏታል። እኔ ግን መርፌ ይዛ ያየኋት ጊዜ ሁሉ የማየው የዚያን ሰውዬ ሁለት ጣት ነው።

የድሬው ልጅ አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ «ፋዘር፣ አንድ ቃል ብቻ በለን፤ ሞተር አለው አይደል? ጎማውን እናስተኛለታለን» አለኝ።

«ተው» አልኩት። ደግ ስለሆንኩ አይምሰላችሁ። ስላነሰብኝ ነው። ጎማ በሰዓት ይለጠፋል። እኔ የፈለግኩት በዚያው ሰልፍ ፊት፣ በዚያው አፉ፣ ያንን ቃል እንዲውጠው ነበር።

ታዲያ ምን አደረግኩ? ያቺን የልብስ ሕግ ወረቀት ከሣጥን አወጣሁ። ሥራ በቀዘቀዘበት በአንድ ከሰዓት «አንብቢልኝ፣ ቀስ ብለሽ» አልኳት።

«ላ ቱኒክ ዱዋ ኤትር ብሉ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ቱኒኩ ብሉ መሆን አለበት።»

«ከብሉ ቀጥሎስ?»

«ነጥብ።»

«ነጥብ ምንድን ነው?»

«ነጥብ ነዋ አባባ! አለቀ ማለት ነው። እንደኛ አራት ነጥብ።»

«ማሪን የሚል የለም?»

ወረቀቱን ገለበጠችው፣ መልሳ ገለበጠችው። «የለም» አለች። እኔም መነጽሬን አድርጌ አየኋት። አንዲት ትንሽ ጥቁር ነጥብ። ሕጉ እዚያች ላይ ቆሟል። ማሪኑን ከኪሱ ያወጣው ሰውዬው ነው። ያን እለት አንዱን መስመር በኛ ፊደል በጠመኔ የሸራ ቁራጭ ላይ ጻፍኩትና እስክሸመድደው ድረስ ከፊቴ ሰቀልኩት። ላ ቱኒክ ዱዋ ኤትር ብሉ። እየሰፋሁ እላታለሁ። ሹፌሮቹ «ፋዘር ዘፈን ጀመረ» ይላሉ።

ሳምንት ሳይሞላ ሰውዬው በእግሩ መጣልኝ።

ከቀትር በኋላ፣ የቀኑ ጫት ከአገር ቤት ከገባ በኋላ ነው፣ አንዱ ጉንጩ አብጧል። ሙቀቱ እየገባ ስለሆነ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ለሰልፍ ሜዳው ትልቅ ጥላ እንዲያሰፋ አዛው ነው። አላወቀኝም። ያን ጊዜ መቼ አየኝና? እኔን አላፊ አግዳሚ አድርጎኝ ነበር። የድሬው ልጅ አለ፤ አስተርጓሚ ሆነ። ትንሿ ከጥቅልል ሸራዎቹ ጀርባ ቀለበት ስትለቅም ነበር፤ ድምፁን ስትሰማ ይበልጥ ተሸጎጠች።

«ባሽ እፈልጋለሁ» አለ። ባሽ!

«ምን ዓይነት ቀለም?» አልኩ ረጋ ብዬ።

ጥግ ላይ የቆመውን ጥቅልል በጣቱ አመለከተ። «ይሄንን። ብሉውን።»

ያመለከተው የሰማይ ቀለም ነው።

«እርግጠኛ ነው ወይ በለው፤ ይሄ ቀለም ምን ይባላል በለው።»

የድሬው ልጅ ገብቶታል፤ ከንፈሩን እየነከሰ ተረጎመለት።

«ብሉ!» አለ ሰውዬው ተናዶ። «ብሉ ነው! አዎዌ፣ ዓይንህ አያይም እንዴ?»

ተነሣሁ። ቀስ ብዬ፤ እኔ ሁሌም ቀስ ብዬ ነው። ጠዋት ጠዋት ከሣጥኔ አውጥቼ እያመጣሁ ከመሥሪያው በላይ መስቀል የጀመርኩትን ያንን ቱኒክ አወረድኩና ከጥቅልሉ ጋር አጋጠምኩት። አንድ ናቸው። ቱኒኩን አየ፣ እኔን አየኝ። ከዚያ ያቺ ስፌት ትዝ አለችው መሰለኝ፣ ሁለት ጣቶቹን ሰበሰባቸው።

«ጥላውን በነፃ እሰፋለሁ በለው» አልኩ። «ግን አሁን እዚህ ያለውን ሰልፉ ፊት ቆሞ ይበል። ይሄ ብሉ ነው፣ የልጅቱ ልብስ ሕጉን አልጣሰም ይበል።»

ሳቀ። «ሸራ ሰፊ ሕግ ያስተምረኝ ጀመር?» ብሎ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ። የድሬው ልጅ ይቺን መተርጎም አልፈለገም ነበር፤ «ተርጉም» አልኩት፣ ተረጎመ። ሁሉንም መስማት ነበረብኝ።

ፔካ 12 ላይ ትልቅ ሸራ የምንሰፋ አራት ነን። ያን እለት ማታ ሦስቱ ዘንድ ዞርኩ። «ወንድሞቼ፣ እንዲህ ያለ ሰው ሊመጣ ይችላል፤ ሥራ ሞልቶብናል በሉት» አልኳቸው። ከዚያ በፊት ምንም ለምኜያቸው ስለማላውቅ ምክንያቱን እንኳ አልጠየቁኝም። መጣ፤ «ሞልቶብናል» አሉት።

ሚያዝያ ገባ። እዚህ ከተማ ሚያዝያ ላይ ፀሐይ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ትከሻ ትጫናለች። ባንዲራ እስኪሰቀል ልጆቹ እዚያ ይቆማሉ። አንዲት ልጅ ሰልፍ ላይ እንደወደቀች ሰማሁ፤ ተነሥታለች፣ ውሃ አፍስሰውባት። ትንሿ ያን ስትሰማ ቀለበቶቹን አስቀመጠች።

«አባባ፣ ስፋላቸው።»

«አልሰፋም።»

«ልጆቹ ምን አደረጉ?»

«አልሳቁብሽም?»

«ስቀዋል።»

«እንግዲያው ይሙቃቸው።»

ይሄን ስጽፍ እጄ ከበድ ይለኛል፤ ያኔ ግን አልከበደኝም። የባሰውን ልንገራችሁ፦ ጥላው ተሰፍቶ አልቆ ነበር። ሰውዬው በሄደ በሦስተኛው ቀን ጀምሬ በሳምንት ጨርሼዋለሁ። ባለ ሁለት ድርብ ስፌት፣ ዳር ዳሩን ገመድ ያለው፤ በሕይወቴ እንደሱ አድርጌ የሰፋሁት የለም። ተጠቅልሎ መሥሪያዬ ሥር ተቀምጧል። እኔ እላዩ ላይ እግሬን ዘርግቼ ሻይ እጠጣለሁ፣ ልጆቹ ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ሰው ዝንብ እሽ አይልም የሚለኝ እኔን ነው።

ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ጥላ የሚሰፋላት ስላጣች፣ ዲሬክተሯ ራሷ መጣች፣ ሰውዬውን ከኋላዋ አስከትላ። ረጋ ያለች ሴትዮ ናት። የድሬው ልጅ ወደ አገር ቤት ወጥቶ ስለነበር ያስተረጎመችው ትንሿ ናት። ሴትዮዋ አየቻትና አወቀቻት።

«አንቺ ያቋረጥሽው ልጅ አይደለሽም?»

ትንሿ አንገቷን ደፋች።

«አባታችን፣ ምንድን ነው የሚፈልጉት?» አለችኝ በልጅቱ በኩል።

ያቺን ወረቀት አወጣሁ። «ሌላ ምንም። እሱ ይቺን አንዲት መስመር በሰልፉ ፊት ያንብባት።»

ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችው። አንዴ፤ ደግማ። ከዚያ ቀና ብላ ሱርቬያኑን አየችው፤ ለረጅም ጊዜ አየችው። እሱ መኪኖቹን ማየት ጀመረ። በሱማልኛ አንድ ነገር አለችው፤ ትንሿ አልተረጎመችልኝም፣ ፊቷ ላይ ግን ፈገግታ ቢጤ ስታልፍ አየሁ። ቆይቼ ስጠይቃት «አንተው የምታስከብረው ሕግ ስለሆነ ማንበብ አያቅትህም ነው ያለችው» አለችኝ።

እሁድ ጠዋት ጥላውን በሦስት ምሰሶና በግድግዳው ላይ ወጠርነው። እጥፋቱን ለቅቄላት ትንሿ የሰማይ ቀለም ቱኒኳን ለብሳለች፤ ልክ ሆኗታል። በጥቁር ሰማያዊ ሰልፍ መካከል ለብቻዋ ታበራለች። እጄን ጨብጣኛለች፣ እጇ በላብ ርሷል። ከላያችን ደግሞ ያው ቀለም፣ ሜዳውን ሙሉ።

ሰውዬው ወረቀቱን ይዞ ወጣ። ቶሎ ቶሎ አነበበ። «ላ ቱኒክ ዱዋ ኤትር ብሉ» ብሎ ወደሚቀጥለው መስመር ሊያልፍ ሲል እጄን አነሣሁ። ትንሿ አንዲት ጥያቄ አስጠንታኛለች።

«ኤ አፕሬ?» አልኩ። ከዚያስ?

ወረቀቱን ገለበጠው።

«ብሉ... ኤ አፕሬ?» ደገምኩ። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም።

እኔ የምጠብቀው እሱን ነበር፤ የመለሰው ግን ከፊት የቆመ አንድ ጥርሱ የወለቀ ሕፃን ነው። ፈረንሳይኛ አስተማሪያቸው እያነበበች ሲጽፉ ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ የሚሉትን ነገር አለ፦

«ፑዋን!»

ነጥብ ማለት ነው። ሰልፉ ፈነዳ። ከኋላ ያሉት ተቀበሉት፣ «ፑዋን! ፑዋን!» እያሉ። ያው ሳቅ ነው፣ ያ የመስከረሙ ሳቅ፤ አወቅኩት፣ ጆሮዬ ውስጥ ከርሞ የለ? አሁን ግን ወደ ሌላ ሰው ነው የሚሄደው። ሰውዬው አንገቱ ድረስ ቀላ። ፊሽካውን ወደ አፉ አደረሰ፣ መልሶ ተወው። ዲሬክተሯ «ጨርስ» እንደማለት አገጯን ወደኛ ወረወረች። መጥቶ ትንሿ ፊት ቆመና ልብሷ ብሉ እንደነበረ፣ ሕጉን እንዳልጣሰች ተናገረ። ድምፁ ኋላ ያሉት ድረስ አልደረሰም፤ እኔ ድረስ ደርሷል። ከዚያ ወደ ጥላው ቀና ብሎ፣ ለኔ «መርሲ» አለ።

ያቺ በሩ ላይ የጣልኳት መርሲ ተመለሰችልኝ። ምንም አልመለስኩለትም። ይቺን ዝምታ ስምንት ወር አጠራቅሜያታለሁ። ቤት ሄጄ እስክተኛ ድረስ ጣዕሟ አፌ ውስጥ ነበር።

ትንሿ ከዚያው ወደ ክፍሏ ገባች። ደብተሯን እኔ ነኝ ከሰዓት ያደረስኩላት።

አዲሱ ዓመት ሲመጣ አዲስ ወረቀት ይዛ መጣች፤ ያሮጌው አንድ መስመር ግማሽ ገጽ ሆኗል። «ላ ቱኒክ ዱዋ ኤትር ብሉ ማሪን» ይላል አሁን። ካልሲውም፣ የጸጉር ጨርቁም፣ የእጅጌው ርዝመትም ተጽፏል። የሰፈር እናቶች «ባንተ ምክንያት ነው» ብለው አኩርፈውኛል፤ አልፈርድባቸውም። ይሁን እንጂ የአገሩ ፊደል ሳይገባኝ አንዲት ቃል አስጽፌያለሁ። ጥቁር ሰማያዊውን እኔው ሰፋሁላት፣ በዚያው በሸራው ክር።

ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስንመለስ ልክ እንደ አዋቂ ተነፈሰችና፦

«አባባ፣ ሱርቬያኑን ምን እንደሚሉት ታውቃለህ?» አለችኝ።

«ምን ይሉታል?»

«ሙስዬ ባሽ። ያንተ ጥላ ሥር ስለሚቆም። በየጠዋቱ ነው የሚሉት፣ ሲያልፍ።»

ቀስ ብዬ መራመዴን ቀጠልኩ።

«ያሳዝነኛል» አለች። «ትናንት ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋ። አንተን ይሰሙሃል፣ ተዉት በላቸው።»

«እኔ ፈረንሳይኛ የት እችላለሁ?» አልኳት።

«ኤ አፕሬ ብለህ የለ እንዴ!»

«እሷን ብቻ ነው የማውቀው» አልኩና እጇን ይዤ አስፋልቱን አሻገርኳት።